እሺ የማይባልበት ክፍል

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያገኙኝ ሰዎች «እትዬ ሙሉ፣ ለመሆኑ ያ ሥራዎ ምን የሚሉት ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። የኮምፒውተር አስተማሪ ነበርኩ እንዳልል፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተምሩት ኡስታዝ ሃሺም ነበሩ። አስተርጓሚ ነበርኩ እንዳልል፣ ማስተርጎሙ ከሥራዬ ትንሹ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁ፣ እኔ እንጀራዬን የበላሁት የሐበሻን ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እያዘጋጀሁ ነው። እዚሁ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ፣ ከጎሚስታው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። እንዲህ ያለ ሥራ አለ እንዴ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ! ሠርቼው ነው ያረጀሁት።

ዛሬ በዚያች ክፍል የስልክ ሽፋንና ባትሪ መሙያ ይሸጥባታል። ኡስታዝ ዕድሜ ተጫናቸው፣ ዓይናቸው ደከመ፣ ልጃቸው ደግሞ ማስተማሩ አያዋጣም አለ። ልጆቹም ቢሆኑ አሁን ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁት ስልካቸው ላይ ቪዲዮ እያዩ ነው አሉ። ይሁን፣ አልቀየምም። ቪዲዮው ግን «ቀና በል፣ ጮክ በል፣ አፍህን አትሸፍን!» ብሎ አይቆጣም። እኔ እቆጣ ነበር። ቁጣዬን ያልቀመሰ የሐበሻ ቴክኒሻን ካርቱም ውስጥ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

ከጎንደር ስወጣ የታይፕ ትምህርት የጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። እዚህ ስደርስ ግን ታይፕ ማን ጠየቀኝ? አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ገብቼ ወለል ወለወልኩ፣ የሰው ልጅ አሳደግሁ፣ ዐረብኛውንም ከእነዚያ ልጆች ጋር ስነታረክ ለመድኩት። አንድ ቀን የቤቱ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሊጠግኑ የመጡት ኡስታዝ ሃሺም ነበሩ። ክዳኑን ፈትተው በብሩሽ ሲጠርጉ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። «ምን ታያለሽ?» አሉኝ። «አቧራ» አልኳቸው። ሳቁ። «ካርቱም ውስጥ ግማሹ ብልሽት እሱ ነው። የቀረውን ግማሽ መማር ከፈለግሽ ነይ» አሉኝ። ለካ የሐበሻ ተማሪ በዝቶባቸው ቋንቋ የሚችል ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። ደሞዙ ከቤት ሠራተኛነቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ግን አሳደሱልኝና ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ መቀየሩ ቀረልኝ።

ኡስታዝ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ እጅጌያቸውን የሚሰበስቡ ሰው ናቸው። ጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ማንኛውንም ማሽን ከመንካታቸው በፊት የኤሌክትሪኩን ገመድ ይነቅላሉ፣ ከዚያ የሣጥኑን ብረት በመዳፋቸው ነካ ያደርጋሉ፤ በሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ውስጡን እንዳይጎዳው ነው። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ «ምን አደረግኸው?» አይሉም። «ምን አየህ?» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። «ምን አደረግህ ካልሽው ይፈራና ይዋሻል፤ ምን አየህ ካልሽው ይናገራል» አሉኝ። እኔ ይህቺን ይዤ ስንት ሰው አነጋግሬባታለሁ! ባሌን ሳይቀር።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ያኔ ደቡቡ ተገንጥሎ የሁሉ ነገር ዋጋ ሰማይ የነካበት ሰሞን ነበር። ቢሆንም ኢንተርኔት የሚዘረጉ፣ የቢሮ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ድርጅቶች ይከፈቱ ነበርና እጁ የሰላ ልጅ ይፈለጋል። የእኛዎቹ እጃቸው መቼም አይታማም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ነው ጉዱ! ውሃ ሲቀርብላቸው «በቃኝ» ይላሉ፣ ሱዳኑ ይቀየማል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ፈሩ ይባላል። መሬት መሬት ያያሉ፣ የደበቁት ነገር አለ ይባላል። «ራውተር ታውቃለህ?» ሲባል፣ ራሱ ፈትቶ የሚገጥመው ልጅ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ይላል። ሙዲሩ፣ ማለት አለቃው፣ ይህን ሰምቶ «የሚሞክር ሳይሆን የሚችል ላክልኝ» ብሎ ለኡስታዝ ይደውላል። ምን ታደርገዋለህ? ጨዋ አድርገን ያሳደግነው እኛው ነን።

ለዚህ ነበር የጣሪያው ማራገቢያ። ኡስታዝ የተጠያቂውን ወንበር ልክ ከሥሩ ያደርጉና ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። አሮጌ ስለሆነ እንደ ወፍጮ ይንጫጫል። «ሹግል፣ ሥራ፣ የፈለገ ከዚህ በላይ ይናገር፣ ያላ!» ይላሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠያቂ እሆናለሁ። ውሃ አቀርባለሁ፣ ካልጠጣ አልጀምርም። የእናትና የአባቱን ጤና በዐረብኛ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፣ እስኪለምደው። ከዚያ ማሽኖቹ አሉ፤ የአንዱን ሚሞሪ ላላ አድርገን፣ የሌላውን ገመድ አዛብተን እንጠብቀዋለን። የኔትወርክ ገመዱን የስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ ተራ ልጆቹ በቃላቸው ይሉታል። «ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ» እያሉ በኅብረት ሲያዜሙት ጎሚስታው ከዚያ ማዶ አብሮ ያንጎራጉር ነበር። ያ ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም።

ብርሃኑን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በሁለት ሃፍላ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ እየተሳፈረ የሚመጣ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሎ ፀጉሩ ሽበት የመሰለ ቀጭን ልጅ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ አበራ ነው። ካርቱምም ያመጣው እሱ ነው፤ ሁለቱም የቀን ሥራ ይሠራሉ። አበራ ሊቢያ ለመሻገር ቆርጧል፣ ደላላም አግኝቷል። ብርሃኑ ግን እጁ ውስጥ ጸጋ አለ። ኡስታዝ ገመድ ሲያስገጥሙት አይተው፣ «ይሄን ልጅ በረሃ አንሰጠውም» አሉኝ። ልጁም አንድ ቀን ማሽኑ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «እትዬ፣ ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ከጋሼ ጋር ሄድኩ» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ ነው የተናገረው። ወደዚያ በረሃ ሄደው የቀሩ ስንቱን አውቃለሁ።

ኡስታዝም፣ ሃጅ ኢድሪስ ለሚባሉ ወዳጃቸው ደወሉ። ሃጅ ኢድሪስ በየቢሮው ኢንተርኔት የሚዘረጋ ድርጅት አላቸው። መጥቶ ይፈተን አሉ። ብርሃኑን ሸሚዝ አስለወጥኩት፣ ጫማውን አስጠረግሁት፣ «ውሃውን ጠጣ፣ ቀና በል፣ እችላለሁ በል» ብዬ ላክሁት። ሁሉንም አደረገ። ውሃውን ጠጣ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ። እንግዲህ አለፈ ስንል ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

ሃጅ ኢድሪስ ነበሩ። ኡስታዝ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉልኝ። «ልጅህ ወላሂ ጨዋ ነው፣ ግን አልፈልገውም» አሉ። ለካ ሰውየው አንድ ኮምፒውተር አቅርበው፣ «ይሄ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ፣ የኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይርልኝ» ብለውታል። ካርዱ ግን ደህና ነው። ራሳቸው ሃጅ ኢድሪስ ናቸው ከጀርባው ገመዱን በግማሽ ስበው ያላሉት፤ ፈተናው እሱ ነበር። ብርሃኑ «ሃዲር»፣ እሺ ማለት ነው፣ ብሎ መፍቻውን አወጣና ሣጥኑን ፈታ። ደህናውን ካርድ ነቅሎ በእጁ ይዞ «አዲሱ የት አለ?» አለ። «እንዲህ ያለ ሰው ደንበኛ ቤት ብልከው፣ ደንበኛው ቤቱን አፍርስ ቢለው ያፈርሳል» አሉ ሃጅ ኢድሪስ።

ብርሃኑን ጠርቼ አፋጠጥኩት። «ገመዱ መላላቱን አላየህም?»

«አይቻለሁ እትዬ። ከጀርባ የገመዱ መግቢያ መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ታዲያ ምን አባክ ሆነህ ሣጥኑን ፈታህ?»

አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ካርዱ ነው አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው። ምን ልበላቸው? ተሳስተዋል ልበላቸው?»

እኔ አመድ ሆንኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጮክ በል፣ ቀና በል እያልኩ፣ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚባል ለካ አንድም ልጅ አላስተማርኩም። እኔስ ማን አስተምሮኝ? በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ተናገረ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው ብርሃኑ፣ ዲያቆንነት ሊቀበል ጥቂት የቀረው፤ ከልጅነቱ አፉ ላይ ያለው «እሺ የኔታ» ነው።

ኡስታዝ ለወዳጃቸው እንደገና ደወሉ። ምን ብለው እንደለመኑ አልነግራችሁም፣ ክብራቸው ነው። ብቻ ሃጅ ኢድሪስ ሳምንት ሰጡን። ደላላው ደግሞ ለአበራ ጉዞው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው ብሎት ነበር። እናም ያን ሳምንት ክፍሏ ውስጥ «እሺ» ማለት ከለከልኩ። በር ላይ በወረቀት ጻፍኩት፣ እሺ ክልክል ነው ብዬ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁብኝ።

ቀኑን ሙሉ ሆን ብዬ ለብርሃኑ ስሕተት ስነግረው ዋልኩ። ስክሪኑ ነው የኮምፒውተሩ ልብ፣ እለዋለሁ። ፈገግ ይላል። ማሽኑን ሳይነቅሉ መፍታት ይሻላል፣ እለዋለሁ። ራሱን ይወዘውዛል፣ አዎ ይሁን አይ የማይለይ መወዝወዝ።

«አንተ ልጅ፣ ጣሪያው ወድቆብሃል ብልህ አሜን ልትል ነው?»

«እትዬ ካሉ እንግዲህ...» አለኝ። እንዲያው ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ። መፍቻ ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ኡስታዝ ከዚያ ጥግ ሆነው ሲያዩን ቆዩና መጡ። «ሙሉ፣ ተሳስተዋል በል ብለሽ አታስጨንቂው። እኔም ደንበኛዬን ተሳስተሃል ብዬው አላውቅም» አሉ። «ኻሊኒ አሹፍ፣ እስቲ ልየው፣ ነው የምለው። ከዚያ ያየሁትን አሳየዋለሁ። ያየሁትን ማሳየት ድፍረት አይደለም።» እውነታቸውን ነው! ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አፋቸው ላይ ያለችውን ቃል ልብ ብዬ አላውቅም። ብርሃኑም ትንሽ ቀለል አለው። ቢሆንም «ኻሊኒ አሹፍ» ይልና፣ አይቶ ሲያበቃ ፊቴን ያይና ዝም ይላል። ያየውን መናገሩ እምቢ አለው።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ተስፋ ቆርጬ ገመዱን አንስቼ ራሴ ልገጥም ጀመርኩ። ሆን ብዬ ነው፣ እሱ ግን ያን አላወቀም። «ቡኒ» አልኩና ቡኒውን ሽቦ ከፊት አስገባሁ፣ «ነጭ ቡኒ» ብዬ ቀጠልኩ፣ ዜማውን ገልብጬ እያዜምኩ። ልጁ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ብድግ አለ።

«ኧረ እትዬ! አይደለም! ነጭ ብርቱካን ነው የሚቀድመው!»

ከማራገቢያው በላይ ነው የጮኸው። ከዚያ ኡስታዝ «ሙምታዝ! ግሩም!» ብለው አጨበጨቡ፣ ልጆቹ ተከተሉ፣ ጎሚስታው ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ብርሃኑ አፍሮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለካ በቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሳሳተ ሰው፣ መሪጌታም ቢሆን፣ ዝም አይባልም፤ እዚያው ይታረማል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሌላውን ሁሉ ይችላል፣ የተገለበጠ ዜማ መስማት ግን አይችልም። ያቺን ይዘን የቀሩትን ቀናት ሁሉ ሠራንባት። «ያየኸውን እንደ ዜማ ቁጠረው፣ ሲሳሳቱብህ አርም» አልኩት። ገባው።

ሃጅ ኢድሪስ ዘንድ ሲመለስ አብሬው ሄድኩ፣ ውጭ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሰውየው ይሄ ማተሚያ ቀለሙ አልቋል፣ ቀይርልኝ ብለውታል። ብርሃኑ ገመዱን ነቀለ፣ ብረቱን ነካ፣ «ኻሊኒ አሹፍ» አለ፣ ከፈተ። «ሃጅ፣ ቀለሙ አላለቀም። አቧራ ነው። ይኸው ይዩት» አላቸው። ድምፁ እኔ ካለሁበት ድረስ ተሰማኝ። ሃጅ ኢድሪስ ቀጥለው፣ አይ ቀለሙ ነው ብለው ተቆጡት፤ ድሮም ቁጣቸው የፈተናው ክፍል ነው። «አይደለም ሃጅ» አለ። እኔ ውጭ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቅዳሜ ሥራ ጀምር ተባለ።

ሐሙስ ከሰዓት ብርሃኑ ወንድሙን ይዞ ክፍላችን መጣ። አበራን ያኔ ነው ያየሁት። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ በሲሚንቶ የተላጠ፣ ሲናገር ቀስ የሚል ደግ ሰው። ሻይ በወተት አቀረብኩለት። እጄን ይዞ ሳመኝ።

«እትዬ፣ ልጁን ሰው አድርገውልኛል፣ እግዜር ይስጥልን» አለኝ። «ሥራ ማግኘቱንም ሰማሁ። ግን እኛ ሁለት ነን፣ ሌላ የለንም። አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ አይሆንም። የተማረውን እዚያም ይሠራበታል። ነገ እንነሳለን።» ወደ ብርሃኑ ዞረ። «አይደል?»

ማራገቢያው ጠፍቶ ነበር። ብርሃኑ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱን ጉልበቱን ያያል። እኔ በልቤ ድንግል ማርያምን ጠራሁ። ይህን ልጅ ያሳደገው፣ ያበላው፣ በጀርባው ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረው ሰው ነው የተቀመጠው። የሃጅ ኢድሪስ ቁጣ ከዚህ ጋር ምን አላት?

«ጋሼ» አለ። ቀና አለ። «እኔ አልሄድም።»

አበራ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፣ አልተቆጣም። «ዛሬ ገና ሰው ሆንክ» አለው፣ ዓይኑ እንባ አቅሮ። ተነሥቶ አቀፈው፣ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመው። እኔ ደስታዬ ልክ አጣ። ልጃችን ቀረልን! በረሃው አጣው! ኡስታዝ በሩ ላይ ቆመው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ። አበራ ሊወጣ ሲል፣ ከደስታዬ ብዛት፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ የኔ ልጅ» ብዬ ሸኘሁት።

ከድንበሩ ከተማ አንድ ጊዜ ደወለ። ደህና ነኝ፣ ነገ እንሻገራለን አለ። ከዚያ በኋላ አበራ አልደወለም።

ብርሃኑ ሃጅ ኢድሪስ ዘንድ ቆየ፤ ከተራ ሠራተኛነት ተነሥቶ የቡድን ኃላፊ ሆነ፣ ትዳር ያዘ፣ ልጅ ወለደ። ድርጅቱ አዲስ መስመር ሲሰጠው አሮጌዋን ሲም ካርድ አልጥልም ብሎ ሁለት ስልክ ይይዝ ነበር። ስለ ወንድሙ አያወራም፣ እኔም አልጠይቀውም። እኔ ደግሞ ከእሱ በኋላ ለመጣው ሁሉ ገመዱን ገልብጬ እያዜምኩ፣ ስንቱን «አይደለም» አሰኘሁት። አንዳንዱ ልጅ ጭራሽ ለምዶበት ቤቱ ሄዶ ሚስቱን ሁሉ ማረም ጀምሯል ብለው ከሰውኛል። ከልጆቹ መካከል ዛሬ ትልልቅ ቢሮ የገቡ አሉ፣ ካናዳ የደረሱ አሉ። ሲደውሉልኝ «እትዬ፣ ዛሬም ሙዲራችንን አይደለም አልነው» ብለው ያስቁኛል። ጥሩ ዘመን ነበር። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ዘመን ነበር።

የዳቦው ሰልፍ የረዘመበት ሰሞን ኡስታዝ ክፍሏን ዘጉ። የቀድሞ ልጆች ተጠራርተው ሽኝት አደረጉልን። ትልቅ ሰሃን ፉል መሐል ላይ ተቀመጠ፣ ለስላሳው መጣ፣ ኡስታዝም ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አየኋቸው። ብርሃኑ አጠገቤ ነበር። አሁን ሃጅ ኢድሪስን ተክቶ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው እሱ ራሱ መሆኑን ነገረኝ። ተፈታኙን ሆን ብሎ ያሳስተዋል፣ «አይደለም» እስኪለው ይጠብቃል።

«የኔ ጎበዝ!» አልኩት ትከሻውን እየመታሁ። «እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ የሚበልጠው ያንተ ነው። ሃጅ ኢድሪስን ያረምከው አይደለም፣ ያን ሐሙስ ጋሼህን ፊት ለፊት እምቢ ያልከው!»

ለማስደሰት ነበር የተናገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሌሎቹ እየሳቁ ነበር፣ ማንም አልሰማንም።

«እትዬ» አለኝ፣ ድሮ እንደሚናገረው ዝግ ብሎ። «ያን ቀን እኔ አልሄድም አልኩት እንጂ፣ አንተም አትሂድ አላልኩትም። መንገዱ እንደሚበላው አውቅ ነበር። ታላቄ ነው፣ እሱ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

እጁን ያዝኩት። እኔም እኮ አበራን መርቄ ነው የሸኘሁት።